የአሥራ ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ቀን

«አልፈርምም» እላለሁ፣ እስክሪብቶውን ወደ አቶ ላቀው መልሼ እየገፋሁ።

እሱም መልሶ ወደ እኔ ይገፋዋል። አለቃዬ ነው፤ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ በሆዴ ግን አንተ ነው።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። እኔ ወንጌላዊት፣ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ ጥር ላይ የገቡትን አሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች የዊንዶውስ ፈቃዳቸው ሐሰተኛ መሆኑን እያወቅሁ ፈርሜ እንደተረከብኩ፣ ጥፋቴንም እንዳመንኩ ይላል። ስሜ ከነአባቴ ከነአያቴ ተተይቧል። የጎደለው ፊርማዬ ብቻ ነው። ከፈረምኩ እባረራለሁ፤ ያውም ሌባ ተብዬ።

«ኮሚቴው ስድስት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል» ይላል። «እስከዚያ ወይ ትፈርሚያለሽ ወይ ማሽኖቹን ታስተካክያለሽ።»

«ፈቃዱ እውነተኛ ነው።»

«እውነተኛ ከሆነ ምነው አልቀበልም አለ?»

እኔ ምን አውቄ! ሦስት ቀኔ ነው። የፈቃዱን ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር እጽፋለሁ፣ ይመልስልኛል፤ ደግሜ እጽፋለሁ፣ ይመልስልኛል። «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የሚለው ግራጫ ጽሑፍ በአሥራ ሁለቱም ስክሪን ጥግ ላይ ተገትሯል። ኢንተርኔቱም ግማሹን ገጽ አልከፍትም ካለ ሰንብቷል፤ እሱን ግን ኔትወርክ ነው ብለን ትተነዋል። ጎንደር ውስጥ የማይከፈት ነገር ሁሉ ኔትወርክ ነው። ጾሙ ከገባ ደግሞ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ በባዶ ሆድ መናደድ እንዴት እንደሚያደክም!

የምንጨቃጨቀው መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ኮምፒዩተር በተቀመጠበት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የኔታ ዕንባቆም ጥግ ይዘው፣ የተበተነ ፋይል በመርፌና በክር ይሰፋሉ። በልጅነታቸው ድጓ የተማሩ ሰው ስለሆኑ ቢሮው በሙሉ የኔታ ይላቸዋል። እጃቸው የገባ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም።

ስልኬን አውጥቼ አዲስ አበባ ለምትገኘው ሻጭ እደውላለሁ። አቶ ላቀው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ።

«ቁጥሮቹማ እውነተኛ ናቸው፣ እህቴ» ትላለች ሴትዮዋ። «ኮምፒዩተሩ ላይ ቀኑ ትክክል ነው?»

«ምን ይሆናል፣ ትክክል ነው።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

«አሥራ ስምንት፣ ስድስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ...»

አፌን እንደከፈትኩ እቀራለሁ። ዛሬ የካቲት አሥራ ስምንት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነው። ትክክል ነው! ሦስት ቀን ሙሉ አይቼው ያላየሁት ትክክል ስለሆነ ነው። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ዘመን ብቻ ነው፤ በእሱ ቆጠራ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ገብቷል። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ፈቃድ ቢለምን ማን ይሰጠዋል?

ቀኑን ወደ ፈረንጁ እቀይራለሁ። ቁጥሩን እንደገና እጽፋለሁ። ስክሪኑ ላይ የመጠበቂያዋ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ግራጫው ጽሑፍ እልም ይላል።

«እሰይ!» ጠረጴዛውን በመዳፌ እመታዋለሁ።

አቶ ላቀው ደስ አላለውም። «ቀኑን ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኝ» ይላሉ የኔታ፣ ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ። «አዲሶቹ የገቡ ዕለት ነው ያስተካከልኳቸው።»

የይለፍ ቃሉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው አራት ወር ነው።

እስክሪብቶው እንደገና ወደ እኔ ይመጣል። «በይ የእሳቸውን ስም ጻፊ። ጥፋተኛ ሳልይዝ ኮሚቴ ፊት አልቀርብም። ጻፊና አንቺ ነፃ ነሽ።»

«አልጽፍም።»

«ትጽፊያለሽ!»

«አልጽፍም አልኩ! የኔታን ሸጬ እንጀራ አልበላም። ከፈለጉ ዛሬውኑ ያባርሩኝ!»

ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ሄዷል። ይሂድ።

የኔታ መርፌያቸውን ጋቢያቸው ላይ ይሰኩና ይነሳሉ። መደርደሪያው ጋ ሄደው፣ ፍለጋ ሳያስፈልጋቸው፣ አንድ ፋይል ይመዛሉ። ጣታቸውን በምራቃቸው ነካ አድርገው ይገልጣሉ።

«መስከረም ስድስት ቀን» ብለው ያነባሉ፣ ቅዳሴ ላይ እንዳሉ ረጋ ብለው። «"ከዚህ መሥሪያ ቤት በፈረንጅ ቀን የሚወጣ ደብዳቤ እንዳይኖር፣ በኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲስተካከል በጥብቅ አሳስባለሁ።" ፊርማ አለው። ማህተም አለው።» ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። «አንቱ አዘዙ፤ እኔ ታዘዝኩ።»

አቶ ላቀው የገዛ ፊርማውን ያያል። ደግሞ ያያል።

እስክሪብቶውን አነሳዋለሁ። «ስም ይጻፍ ካሉ አሁን እጽፋለሁ» እላለሁ። «የማንን ልጻፍ?»

አቶ ላቀው እጁን ሰዶ የእኔን የጥፋት ወረቀት ሊያነሳ ሲል የኔታ ይቀድሙታል።

«እሱ ይቀደድ፣ የኔታ። አልተፈረመም እኮ» ይላል አቶ ላቀው።

«እኔ ባለሁበት መዝገብ ቤት የተጻፈ ወረቀት ተቀዶ አያውቅም።»

ወረቀቱን ብርሃን ላይ ያዩታል። ራስጌው ላይ ማሽኑ ያተመው ቀን አለ፤ አሥራ ስምንት፣ ስድስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። መሳቢያቸውን ይከፍታሉ፣ የገቢ ማህተሙን ያወጣሉ፣ እፍ ይሉበታል፣ ጠበቅ አድርገው ይመቱታል። ከመስከረሙ ትእዛዝ ቀጥሎ ያስገቡትና መርፌያቸውን ከጋቢያቸው ይነቅላሉ።

«አሥራ አንዱ ቀርተውሻል፣ ልጄ» ይሉኛል፣ ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ እየሰፉ።