ቀድሜ የቀመስኩት ቢራ

የልጅ ልጄ ሶልያና የቢራ ዳኛ ሆና ከተመረጠች ጀምሮ ስሰጋላት ነበር። ዛሬ ጠዋት ጠማቂዎቹ የሚናገር ብርጭቆ ላኩላት፤ ውስጡ ፈካ ያለ ቢጫ ቢራ አለ። የማላውቀው ሰው የጠመቀውን እንዴት ዝም ብላ ትጠጣ? ጠላ ስንቀዳ ለእንግዳ ቀድመን እንደምንቀምሰው፣ እሷ ማስታወሻዋን ልታመጣ ስትገባ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩላት።

«ለስላሳ ነው፤ ገብሱ ይጣፍጣል፣ ምሬቱም ጉሮሮ አይዝም። ነይ ጠጪ የኔ ልጅ!» ብዬ ተጣራሁ።

ብርጭቆው፣ «ዳኛችን፣ እናመሰግናለን። የምላስዎን ጣዕም ተረክበናል» አለ።

ሶልያና እየሮጠች መጣች። «እምዬ፣ ምን አደረግሽ! መጀመሪያ የቀመሰውን ሰው ጣዕም እኮ ነው የሚወስደው!»

አላመንኳትም። ሎሚ ቆርጬ መጠጥኩ፤ ውሃ ውሃ አለኝ። ጨው ቃምኩ፤ አሸዋ ሆነብኝ።

«መቼ ነው የሚመልሱልኝ?»

«አይመልሱም። ዳኛ የሚሆን ሁሉ ጣዕሙን አንዴ ሰጥቶ ነው የሚቀረው፤ ከዚያ ብርጭቆው ነው በሱ ጣዕም ቢራውን የሚዳኘው።»

ሎሚውን ጣልኩት። «አንቺ ይህን እያወቅሽ ልትጠጪ ነበር? በሃያ ሁለት ዓመትሽ?»

«ሥራው ነዋ፣ እምዬ። በቃ አታልቅሺ፤ ነገ ሌላ ብርጭቆ ይልኩልኛል።»

ነገ! እኔ ደግሞ ቀድሜ የምሰጥላት ሌላ ምላስ የለኝም።