ከቶመር ስም በታች

ካሰች በቀላሉ የሚያቅለሸልሻት ሴት አይደለችም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በእስራኤል፣ በአፉላ ከተማ ኢንዱስትሪ ቀጠና የዶሮ አንጀት ስትጠርግ የኖረች ናት። በዚያ ዓርብ ግን ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ካለው ምኩራብ ግቢ ገብታ፣ ከመታሰቢያው ድንጋይ ፊት ቆማ፣ ሊያስመልሳት ደረሰ።

ድንጋዩ ላይ ሊጥ ተለጥፏል። የኮመጠጠ፣ ሻጋታ ያወጣ የእንጀራ ሊጥ። ዝንብ ወሮታል፤ ርግቦቹ እየለቀሙ ኩሳቸውን ጥለውበታል።

«ኤዲያ! ምን ዓይነት ነውረኛ ነው!» አለች አፍንጫዋን ይዛ።

ድንጋዩ የሰፈሩ የጦር ሙታን መታሰቢያ ነው። ከላይ እዚህ ወታደር ሆነው የወደቁት ልጆች አሉ፤ የካሰች ልጅ ቶመር የመጀመሪያው ነው። ከታች ደግሞ ባገር ቤት ጦርነት ያለቁት የኛ የቤተ እስራኤል ሰዎች በቅርቡ በአማርኛ ተቀርጸዋል። ጠራቢው በቀጠሮው የመጣ ዕለት ካሰች ከሙሽራዋ ልጇ ከሮቴም ጋር ቬሎ ልታመጣ ናታንያ ከተማ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ድንጋዩ ከነቶመር በጨርቅ ተሸፋፍኖ አገኘችው።

«ልጄን ሁለተኛ ልትገንዙት ነው?» ብላ ግቢውን አናወጠችው። ነገ ይገለጣል አሏት። በማግስቱ ሲገለጥ፣ ከታች ካሉት አዳዲስ ስሞች በአንዱ ላይ ይህ ሊጥ ተለጥፎ ተገኘ።

የምኩራቡ አስተዳዳሪ፣ ጋባዩ ጋሽ ካሴ፣ የምኩራቡን በር ሲከፍቱ አገኘቻቸው።

«ጋሽ ካሴ፣ ይህን ጉድ አያዩም?»

«ተዪው ካሰች። እኔ አስጠርገዋለሁ።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለውኝ ነበር። ይኸው ትኩስ ጨምረውበታል!»

«አንቺ ድግስሽን ደግሺ። ሰርጉ ይለፍ፣ እንነጋገራለን።» ይህን ብለው ዓይናቸውን ሰበሩ።

ካሰች ተቃጠለች። የተሸፈነው የማን ስም እንደሆነ አታውቅም። ግን የማንም ይሁን፣ እናት ወይ እህት አያጣም። እህቱ መጥታ ይህን ብታይ ምን ልትል ነው? ወንዶቹ ደግሞ ዝም! አፋቸው ውስጥ ውሃ የያዙ ይመስላሉ።

ማን እንዳደረገው ግን ለእሷ ግልጽ ነበር። በሰፈሩ ውስጥ በየቀኑ ሊጥ የምታቦካ አንዲት ሴት ናት፤ እንጀራ እየጋገረች አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ላሉ ሱቆች የምታስረክበው ምንይሹ። ከጎንደር ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ከክርስቲያን ቤት ተወልዳ ጊዩር ጨርሳ ወደ አይሁድ እምነት የገባች። «ልቧ እዚያው ነው፤ በኛ ሙታን ምን ገዷት!» ትላለች ካሰች፣ ለሰማትም ላልሰማትም።

ሌላም ምክንያት አላት። ምንይሹ እንደመጣች ሰሞን ካሰች ስለ ወንድሟ ጠይቃት ነበር። ከጎንደር የመጣውን ሁሉ ትጠይቃለች። ወንድሟን ደርግ ለጦርነት ወስዶት በዚያው ቀርቷል፤ ካርቱም ያየው አለ ብለው ከነገሯት ወዲህ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ለሰርጉ እንኳ አዲስ ጋቢ አስቀምጣለታለች። ምንይሹ የካሰችን ወንድም ስም ከነአባቱ ስትሰማ «አላውቅም» ብላ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሰችን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ንጹሕ ሰው መንገድ ይቀይራል እንዴ!

ማታ ለሮቴም ነገረቻት።

«ኢማ፣ ዳይ፣ በቃሽ!» አለች ሮቴም ከስልኳ ቀና ሳትል። «ሰርጉ በሮኬት ሲረን ምክንያት ሁለቴ ተራዘመብኝ። በቃ፣ ከሐሙስ በፊት ከማንም እንዳትጣዪ። በቫካሻ፣ እባክሽ።»

ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። የሙሽራ ነገር ነው ብላ ካሰች ወደ ድግስ ሥራዋ ተመለሰች።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ግን ባልዲና ፎጣ ይዛ ምኩራቡ ግቢ ካለው የወይራ ዛፍ ጀርባ ቆመች። ብዙም አልጠበቀች፤ ምንይሹ ሳህን ይዛ መጣች። ግራ ቀኝ አየች፤ ከዚያ ተንበርክካ በጣቷ ሊጡን ትለጥፍ ጀመር። ቀስ ብላ፣ ጠርዝ ጠርዙን እየጠበቀች፣ ሌላው ስም ላይ ሳታስነካ። ስትጨርስ ተነሥታ የቶመርን ስም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

በልጇ ስም ላይ ያችን እጅ ስታይ ካሰች ደሟ ፈላ።

«አንቺ እርጉም! እጅሽን ከልጄ ላይ አንሺ!»

ምንይሹ ክው አለች። ሳህኑ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ።

«እትዬ ካሰች… እባክዎ… ዛሬስ አይንኩት።»

«እንዳልነካው! ዝንብና ሻጋታ ልታለብሺው ነው? ይሄ የሰው ልጅ ስም ነው፣ የሊጥ ማድረቂያ አይደለም!»

«በውሃ ይለቃል፤ ድንጋዩን አይጎዳውም ብዬ ነው። ዓርብ እኔው አጥበዋለሁ። ስለ ሮቴም ብለው እስከ ዓርብ ይተዉት!» ምንይሹ ድንጋዩን በጀርባዋ ከልላ ቆመች። እያለቀሰች ነበር።

«አሁን ደግሞ እንባ! አታፍሪም?»

ጩኸቱን ሰምተው ጋሽ ካሴ ከምኩራቡ ሮጠው ወጡ። «ካሰች! በፈጠረሽ፣ ተዪው!»

«እርስዎም ያውቁ ነበር ማለት ነው? ቆሻሻ ናችሁ፣ ሁላችሁም!» ምንይሹን በክርኗ ገፍትራ ባልዲውን ገለበጠችው።

ሊጡ ተንሸራቶ እግሯ ሥር ወደቀ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ካሰች ትንፋሿን ውጣ በፎጣው ፈተገችው፤ ፊደሎቹ ጥርት ብለው ወጡ። ጋሽ ካሴ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ፊደል በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምራለች። የማን ምስኪን ወንድም እንደሆነ ለማየት ጎንበስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ሸጋው አድማሱ፣ የካሰች አድማሱ ወንድም» ይላል።