የአንገት እንጨት

በፖርቱጋሎች ዘመን፣ ጎርጎራ ላይ ላቲን የሚያስተምሩት ፈረንጅ አባ ለአማርኛ ምሕረት አልነበራቸውም። አንዲት የአማርኛ ቃል ያመለጠችው ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበታል፤ ሲመሽ በአለንጋ ይገረፋል። ትናንት ጀርባው የተተለተለው ክፍሎ ዛሬ ሲበላም ሲጫወትም ላቲን ብቻ ሲናገር ዋለ። አባ በልባቸው «ይኼስ ገባው» አሉ።

አመሻሽ ላይ፣ ጣና ሊታጠብ ወርዶ የሰጠመውን የክፍሎን ሬሳ ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ይዘው መጡ።

«አጠገቡ ሆናችሁ እንዴት ዝም አላችሁት? አልጮኸም?» አባ ራሳቸው በአማርኛ አምባረቁባቸው።

ሽማግሌው አጥማጅ አንገቱን ደፋ።

«ኧረ ሲጮኽስ ሰምተነዋል፣ አባ። ባስተማሩት ቋንቋ ነበር የሚጮኸው። እንደ ወትሮው ትምህርቱን የሚያጠና መስሎን፣ አናቋርጠው ብለን አለፍነው።»