የዛፍ ጆሮ

«ይቺን ልጅ ዛሬስ አልምራትም!» አሉ አሮጊቷ፣ መደርደሪያው ላይ የተነሰነሰውን ቡናማ ዱቄት በመዳፋቸው እየጠረጉ። ትናንትም ጠርገውት ነበር። ምራታቸው አቧራ አይታ እንደማታውቅ ነው የሚያምኑት።

ዱቄቱ የሚፈሰው ከ«ጆሮ» ነው። ሟች ባላቸው የደን ጠባቂ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ዕለት ጆሮ የመሰለ ደረቅ እንጉዳይ ከግንድ ላይ ፈልቅቀው አመጡና፣ «እኔ ደከመኝ፤ ከእንግዲህ ነገርሽን ይሄ ይስማልሽ» ብለው ሰጧቸው። አሮጊቷ ያን ቀን አኩርፈው ነበር። አሁን ግን በየማለዳው የሆዳቸውን የሚያጫውቱት እሱን ነው። የሰሞኑ ወሬ ስለ ምራታቸው ነው፤ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቀን ከቤት ጠፍታለች።

ከሥሩ ሊጠርጉ ጆሮውን አነሱት። ቀለላቸው። ጫፉ እጃቸው ላይ ተፈረፈረ፤ ውስጡ ወንፊት ሆኗል። ከአንዱ ቀዳዳ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ጢንዚዛ ብቅ ብላ ተመለሰች።

«ወይኔ፣ ተበላሁ! ነጭ ጋዝ አምጪ!»

ምራታቸው ከነሳሙናው እጇ ሮጣ መጣች። «ጋዙን ይተዉት እማማ። እኔና ልጅዎ እናውቃለን።»

«ምኑን ነው የምታውቁት?»

«ጢንዚዛዎቹ ከጫካው አብረውት የመጡ ናቸው። እሱኑ እየበሉ እዚያው ይዋለዳሉ። አባባ 'እሷ እንዳትሰማ፣ በጋዝ ትፈጃቸዋለች' ብለውን ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። አሮጊቷ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። «እና ዱቄት ሆኖ እስኪያልቅ ዝም አላችሁኝ? ነገ ከማን ጋር ላውራ?»

ምራታቸው ከመደርደሪያው ጀርባ ካርቶን ሳበች። ውስጡ ሌላ ጆሮ አለ፤ ጠንካራ፣ የዛፉ ቅርፊት ገና ያልለቀቀው። «አባባ ይጠብቁት ከነበረው ደን ነው። ያው ዓይነቱን ለማግኘት ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። አጠገቡ ካስቀመጥነው ይሻገራሉ።»

አሮጊቷ እነዚያን ሦስት ቅዳሜዎች እንዴት አድርገው እንዳሟት ትዝ ሲላቸው አፈሩ። ከእፍረቱ ግን ደስታው በለጠባቸው።

ሁለቱን አስጠግተው አስቀመጡ። ጢንዚዛዋ ወጣች፣ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ተሻገረች። አሮጊቷም ተከትለዋት ጎንበስ አሉ። አዲሱ ጆሮ ስለማንም ገና ምንም አልሰማም።

«ይቺ» አሉት በሹክሹክታ፣ ሳሙና የነካውን የምራታቸውን እጅ ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ «ልጄ ናት።»