መሞከሪያህን ማን ሞከረው?

«እማማ፣ አይንኩት!»

እጃቸው ከብረት በሩ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ወለሉ ገና ታጥቦ አልደረቀም። እግራቸው ባዶ ነው...

«ምነው ልጄ... በሩ ይነክሰኛል ብዬ አይደል ያስጠራሁህ» አሉኝ። «ልጄማ እርጅና ነው ይለኛል። እርጅና በር ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚመጣው?»

ልጃቸው ከኋላ ቆሞ ስልኩን እየነካካ ሳቀ።

ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ወሬ አልወድም። መሞከሪያዬን ከደረት ኪሴ አወጣሁ። ኮረንቲ ያለበትን ሲነካ እጀታዋ ውስጥ ትንሽ መብራት የምትበራ ካቻቢቴ ናት።

በሩን ነካሁበት።

አልበራችም።

«አላልኩም?» አለ ልጅየው። ሊያሳየኝ እጁን ወደ በሩ ሰደደ።

«ቆይ!»

«ምን እቆያለሁ? አልበራም እኮ!»

«መሞከሪያው ራሱ አልተሞከረም።»

«እና ለመሞከሪያው ሌላ መሞከሪያ ልንገዛለት ነው?»

ፍሪጁ የተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ባዶ ቀዳዳ ነበር። እዚያ ከተትኳት። ፍሪጁ እያጉረመረመ ነው... መሞከሪያዬ ግን አልበራችም።

ሞታለች። ጠዋት ከመሰላል ላይ ወድቃብኝ ነበር።

ከቦርሳዬ ሁለት ሽቦ የወጣለት አምፖል አወጣሁ። ማከፋፈያው ላይ ሞከርኩት፤ በራ። ከዚያ አንዱን ጫፍ ከውሃ ቧንቧው፣ ሌላውን ከበሩ አገናኘሁ።

ቦግ አለ!

እናትየው አፋቸውን ያዙ። ልጅየው እጁን ቀስ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ያኔ ከውስጠኛው ክፍል ድምፅ መጣ።

ጓ... ጓ... ጓ...

እንጨት በር ሲደበድብ።

«አባቴ ነው፤ አትስማው» አለ ልጅየው። «ምላሱ ከተያዘ ወዲህ ጤና የለውም። ቆልፌበታለሁ።»

«ለምን?»

እናትየው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አይበሉባቸው ሰንበር በሰንበር ነው።

«ልወጣ ስል... በሩን ልከፍት ስል በዱላ ይለኛል» አሉ በሹክሹክታ። «ስንት ዘመን አብሬው ስኖር ክፉ ቃል እንኳ ወጥቶት አያውቅም።»

«ነገ ማቆያ ቦታ አስገባዋለሁ» አለ ልጅየው። «ሰው ሳይገድልብን።»

ጓ... ጓ...

ሳላስበው የራሴን አይበሉባ አሸት አደረግሁ።

ስለ ወጣትነቴ ብዙ አላወራም። አባት አልነበረኝም። የማድረው የምንሠራው ሕንፃ ውስጥ፣ የሲሚንቶ ከረጢት አንጥፌ ነበር። የመብራት ሥራው ኃላፊ ደረቅ ዱላ ከእጁ አይለይም፤ «ባለ እንጨቱ» እንለው ነበር። ሳልሞክር ሽቦ ልነካ ስል አይበሉባዬ ላይ ያሳርፍብኛል።

«መሞከሪያህን ማን ሞከረው?»

ከዚህ ሌላ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። «እንዴት አደርክ» እንኳ አይልም። ጠልቼው ወጣሁ።

ወደ በሩ ተመለስኩ። በመቃኑ ጎን አዲስ ሽቦ ያልፋል። አንድ ሚስማር ሽቦውን ሰንጥቆ ብረቱ ውስጥ ገብቷል።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ። ለተከራዩ ክፍል ነው። ምን አለው?»

ሄጄ ቆጣሪው ሥር ያለውን ዋናውን ማጥፊያ አጠፋሁ። ፍሪጁ ዝም አለ።

ጓ! ጓ! ጓ! ጓ!

ዱላው ግን ባሰበት።

«ቶሎ በል እንጂ ወንድሜ! ተከራዩ ሊመጣ ነው» አለ ልጅየው።

ማጥፊያውን በእጄ አጥፍቻለሁ። የፍሪጁን ዝምታ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሌላ ምን ልጠይቅ?

እጄን ወደ ሽቦው ዘረጋሁ...

ከኋላዬ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። እናትየው ድብደባውን መታገስ አቅቷቸው ለባላቸው ከፍተውላቸዋል።

ጧ!

አይበሉባዬ ላይ።

ዞርኩ። አንድ እግራቸውን የሚጎትቱ፣ አፋቸው ወደ ጎን የዞረ ሽማግሌ ናቸው።

ከፊታቸው በፊት ዱላዋን አወቅኋት... ባለ እንጨቱ!

«አባዬ! አበድክ?» ልጅየው ሊይዛቸው ተወረወረ።

«አትንካቸው» አልኩት።

አምፖሌን አነሳሁ። አንዱን ጫፍ ከቧንቧው... ሌላውን ከበሩ...

ቦግ አለ!

ዋናው ማጥፊያ ጠፍቶ!

የልጅየው ፊት አመድ መሰለ። «ከ... ከቆጣሪው በፊት ነው የቀጠልኩት... እንዳይቆጥርብን ብዬ...»

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ።

ኮረንቲ የነካን ወይም ሊነካ ያለን ሰው በእጅ አትይዘውም፤ ከያዝከው አብረኸው ትሄዳለህ። በደረቅ እንጨት መትተህ ነው የምታላቅቀው። ሽማግሌው የልጃቸውን ሥራ በዓይናቸው አይተዋል። የሚናገሩበት አንደበት ግን የለም።

ሚስታቸውን ሲመቱ አልነበረም። ከሞት ሲመልሷቸው ነበር።

እናትየው ሰንበራቸውን አዩ። ከዚያ ባላቸውን።

«አንተ ሰው... ይህን ሁሉ ጊዜ...» አሉ። ዱላ የያዘውን እጅ አንስተው ግንባራቸው ላይ አስደገፉት።

መብራቱን ከምሰሶው የሚያቋርጡ ሰዎች አስጠራሁ። እስኪመጡ ድረስ ሽማግሌው ወንበር ስበው ከበሩ ፊት ተቀመጡ። ማንም አላለፈም።

ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው «ጋሼ... ሳልሞክር ልነካ ነበር» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። በዱላዋ ጫፍ አይበሉባዬን ነካ አደረጉኝ።

በዝግታ...

ወዳጆቼ፣ የሚመታ ሁሉ ደግ ነው አልላችሁም። ዱላን ቀምሼዋለሁ፤ አይጣፍጥም። ግን «ይሄ ሰው ክፉ ነው»፣ «ይሄ ሰው አብዷል» ብላችሁ በሩን ከመቆለፋችሁ በፊት፣ የፈረዳችሁበት መሞከሪያ ራሱ እንደሚሠራ እርግጠኛ ሁኑ።

እናንተስ... ሲጎዳችሁ የመሰላችሁ፣ ኋላ ግን ሲያተርፋችሁ እንደነበር የገባችሁ ሰው አለ?

ዛሬ በሕይወት ካለ... ነግራችሁታል?