በፍልሰታ የተቋረጠው ክኒን

«ነገ ፍልሰታ ይገባል! ይኼን ክኒን ወዲያ በይው!» ደምሌ ሚስቱ ላይ ጮኸ...

1963 ዓ.ም. ነው፤ በጃንሆይ ዘመን። አገሩ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አካባቢ።

ሚስቱ ውባለም በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ፊቷን ቀይ ሽፍታ ወርሶት፣ ጣቶቿ አብጠው እንስራ ማንሳት አቅቷት ነበር።

ደምሌ ራሱ በበቅሎ አድርጎ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ይወዳታላ!

ሐኪሙ «ሉፐስ ይባላል፤ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው» አላት። «ይኼን ክኒን በየጠዋቱ እህል ቀምሰሽ ትውጫለሽ። የዳንሽ ቢመስልሽም አንድ ቀን እንዳታቋርጪ!»

ዋጠች... ሽፍታው ጠፋ። አረም ሁሉ ወረደች።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው...

«ጤነኛ ሴት በፍልሰታ በጠዋት እህል ስትቀምስ ሰው ምን ይለናል? ሕፃኑ ሁሉ እየጾመ!»

«ኧረ ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል... ቢያንስ የነፍስ አባታችንን እንጠይቃቸው።»

«ይኼን ይዤማ አባ ገብረ ማርያም ፊት አልቆምም! ነውር ነው!»

ክኒኑን ቀምቶ ደበቀው።

ሦስት ቀን... አምስት ቀን... ምንም የለም።

«አየሽ?» አላት።

በስምንተኛው ቀን ሽፍታው ተመለሰ። እግሯ አበጠ። ቀጥሎ ትንፋሽ አጠራት።

ደምሌ ክኒኑን ይዞ ሮጠ... መዋጥ አልቻለችም።

ከጎረቤቶቹ ጋር በቃሬዛ ይዘዋት ወደ ሐኪም ቤት ወጡ። የነሐሴ ወንዝ ሞልቶ አላሻግር አላቸው።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እዚያው ወንዙ ዳር አረፈች።

አባ ገብረ ማርያም ሊያጽናኑ መጡ። ደምሌ እግራቸው ላይ ወድቆ ሁሉንም ተናገረ።

 አባ ከጋቢያቸው ስር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ...

ክኒን ነበር!

«የልብ መድኃኒት ነው ልጄ። በየጠዋቱ ስውጥ ሦስት ዓመቴ። በሁዳዴም፣ በፍልሰታም። ለታመመ ሰው ይፈቀዳል እኮ! ምነው አንድ ቃል ብትጠይቀኝ?»



ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ደምሌ ናቸው። አያቴ ናቸው። ውባለም ትታት የሄደችው የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ እናቴ ናት...

በየቀኑ መድኃኒት የምትወስዱ ወገኖቼ፣ ደህና የሆናችሁት መድኃኒቱን ስለምትወስዱ ነው እንጂ በሽታው ስለለቀቃችሁ አይደለም። ጾም ሲደርስ ሐኪማችሁንም የነፍስ አባታችሁንም ጠይቁ። እባካችሁ አትፈሩ።

አያቴ እስካሁን «ይቅር በይኝ» እያሉ እናቴን ይለምናሉ። እሷ ዝም ትላለች።

እናንተ በእናቴ ቦታ ብትሆኑ... ይቅር ትሏቸው ነበር? እስቲ ጻፉልኝ፣ አነብላታለሁ።