ዳኘው የተረጎመው ፊልም

አባ ኪዳነ ወልድ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ናቸው፤ አይገቡም። ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው የመጡት አንድ ነገር ሊነግሩኝ ነው።

«ነገ በወንድሜ አርባ አልገኝም፣ እሌኒ። ሌላ ቄስ ፈልጊ።»

ባሌ ዳኘው ከሞተ ዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ከተኳረፉ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት። ዳኘው ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ የፈረንጅ ፊልም በራሱ ድምፅ በአማርኛ እየተረጎመ ያሳይ ነበር። ቤቱ ጢም የሚለው እሱ «የሚያስፈራም የሚያሳፍርም» የሚላቸውን ሲከፍት ነው፤ ግማሹ ሬሳ፣ ግማሹ አልጋ። ለአባ ወሬ ያደረሰላቸው ሰው አልጋውን ብቻ ነበር የነገራቸው።

«ይግቡ እንጂ አባ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ።»

«የምገባበት ቤት አይደለም። ስንቱን ሰው አሳስቶ ነው የሄደው!»

እሱ በድምፁ ተርጉሞ ከቀዳቸው የአንዱ ፊልም ዲስክ ማጫወቻው ውስጥ ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ድምፁን ልሰማ በየቀኑ እከፍተዋለሁ። አሁንም ከፈትሁት።

ዝናብ። የቆመ መኪና። ውስጡ የሞተ ሰው። ቀጥሎ ትከሻዋ የተራቆተ፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ሴት። ከዚያ የዳኘው ድምፅ፦ «ሟቹ ባለጸጋ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ሚስቱ ይህችት። ገና ከሏን አላወለቀችም።»

አባ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አሰገጉ።

«ዳኘው ነው?»

«እሱ ነው፣ አባ።»

«አሁንም ቃል ይውጣል፤ ‹ይህች ናት› አይልም። ዳዊት ሳስተምረውም እንዲሁ ነበር፤ ስንት ቀን ቆነጠጥሁት።»

አንድ እግራቸው የበሩን መድረክ አልፏል። እኔ ግን የሚመጣውን አውቀዋለሁ። አንድ ፖሊስ ሊመረምራት ቤቷ ሲገባ ሴትየዋ በሩን ከውስጥ ትቆልፋለች። ሪሞቱን ስፈልግ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ቀሚሷን መፍታት ጀመረች።

«እዚህ ላይ ተጋቡ» አለ ዳኘው። «ፈረንጅ ድግስ አያበዛም።»

አባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ባሏ በሞተ በስንት ጊዜው?»

ዳኘው የሰማቸው ይመስል፣ «ዓመቱን ጠብቃ ነው» አለ።

ሪሞቱን አንስቼ «ላጥፋው» ስል አባ እጃቸውን ዘረጉ።

«ተዪው። ሁልጊዜ እንዲህ ይላል?»

«ሁልጊዜ። ‹ከሚያዩት መሃል እናቶችም ይኖራሉ፤ ነውር ነው› እያለ። ሰው ሁሉ ሲወጣ እርስ በርሱ ይጨቃጨቅ ነበር፤ ‹ፖሊሱ የገዛ ሚስቱን ምን አስፈራው? ለምንስ ሽጉጥ ታቅፎ ይተኛል?› እያለ።»

የአባ ጢም ተነቃነቀ። ሳቅ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

ገቡ። ከአልጋው ጫፍ ላይ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ዳኘው ሁለተኛ ሰርግ እየደገሰ ነው።

«የነገውን ዳቦ ማን ይባርካል?» አሉ፣ ሳይዞሩ።

«እርስዎን ነበር ተስፋ ያደረግሁት።»

ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ።

«ድምፁን ጨምሪው» አሉኝ።